በሰው እጅ ያለ መስታወት

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ የስቱኮ ባልዲዬን ከእጄ ላይ ወሰደችብኝ። ነጠቀችኝ ማለት ይቀላል። ባልዲውን ከጓዳ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ይዤ እየመጣሁ ነበር። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ቋ ሲል ሰማች መሰለኝ፣ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ «እትዬ ሰናይት፣ እኔ ልያዘው፣ አይ ጋት ኢት!» እያለች እጀታውን ከጣቶቼ መሃል ፈልቅቃ ወሰደችው። ክዳኑ ተንሸራቶ ወደቀና የተልባ ዘይት ሽታ ሱቁን ሞላው። የመስኮት ስቱኮ የሚለወሰው ከጠመኔ ዱቄትና ከተልባ ዘይት ነውና ባልዲው በተከፈተ ቁጥር ይሸታል። እኔ ግን ሽታውን ከማስተዋሌ በፊት ተናድጄ ነበር። «ምነው? ያረጀሁ መሰለሽ? ባልዲ መሸከም ያቃተኝ መሰለሽ?» አልኳት። ድምፄ ለራሴም ከፍ አለብኝ።

ልጅቷ ኤደን ትባላለች። ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የተላከችልኝ። ጠዋት ክፍል ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ በባቡር እኔ ዘንድ እየመጣች ሥራ ትለማመዳለች፤ ትምህርት ቤቱም እንደ አንድ ትምህርት ቆጥሮ ማርክ ይሰጣታል። እኔ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከሬኒየር ጎዳና ገባ ብሎ፣ መስታወት የምቆርጥባትና አሮጌ መስኮት የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የኤደን እናት ኤርፖርት ውስጥ ታጸዳለች፤ በመጀመሪያው ቀን ልጇን ይዛልኝ መጥታ «አደራሽን እህቴ፣ እንደ ልጅሽ» ብላኝ ሄዳለች። ኤደን ስቆጣት ባልዲውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ «ሶሪ» አለች፣ ሰዓቷ ሲደርስም ጃኬቷን ለብሳ አንገቷን ደፍታ ወደ ባቡሩ ሄደች። እኔ ከባልዲው ጋር ቀረሁ። ክዳኑን ልመልስ ጎንበስ ስል ሽታው ያዘኝና እዚያው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የተልባ ሽታ ሌላውን ሰው ጾም ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚወስደኝ ግን ጃክሰን ጎዳና ላይ ወደነበረ፣ ዛሬ በቦታው ረጅም አፓርታማ ወደቆመበት የመስታወት ሱቅ ነው። ያኔ እንደ ኤደን ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ ሴቱ ሁሉ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ የተሰፋበት ኮት የሚለብስበት፣ ወንዱ ደግሞ ፀጉሩን በቅባት አርሶ የሰው ሶፋ የሚያበላሽበት ዘመን ነበር። የምንኖረው ቼሪ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው፤ እናቴ፣ እኔና ሁለት ትንንሽ ወንድሞቼ። የማድረቂያዎቹ ሙቀት በወለሉ በኩል ስለሚመጣ ክረምቱን ማሞቂያ ሳናበራ እንገፋው ነበር። አውቶቡስ በጥቂት ሳንቲም ይኬዳል፤ ሾፌሩ ቀዶ የሚሰጣት ትራንስፈር የምትባል ባለ ቀለም ወረቀት ነበረች፤ ያወቀበት ሰው በእሷ ቀኑን ሙሉ ይዞርባታል። ማዕዘኑ ላይ የጎድን ጥብስ የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ ጭሱ ረቡዕና ዓርብ ለእናቴ ፈተና ነበር። የአገራችን ሰው ገና ጥቂት ስለነበር አበሻ የሚመስል ሰው ሲታይ መንገድ ተሻግሮ ሰላም ይባላል። ካሴት ከቤት ቤት እየተገለበጠ ስለሚዞር እኛ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ ቢሆንም እንጨፍርበት ነበር። አሁን በቼሪ ሳልፍ የማውቀው ነገር ጥቂት ነው። ልብስ ማጠቢያው ውድ ቡና የሚሸጥበት ቤት ሆኗል፤ ከላይ ያሉት ሰዎች ማሞቂያ ሳያበሩ አይቀሩም።

እናቴ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። አማርኛዋ እንከን አልነበረውም፤ ሲከፋት ብቻ ትግርኛው ብቅ ይላል። ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር፤ ለእኔ ያሰበችልኝ ግን ነርስነትን ነው። እኔ እንግሊዝኛዬ ገና ይንገዳገድ ስለነበር ክፍል ውስጥ ዝም እላለሁ። ዝም የሚል ተማሪ ወይ ጎበዝ ነው ይባላል ወይ ደደብ፤ እኔን የመደቡኝ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነው። ሚስተር ፍራንክሊን የሚባል፣ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ጥቁር መምህር ነበረን። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ሥራ የሚባለውን ፕሮግራም የሚመራው እሱ ነበር። አንድ ቀን እናቴን አስጠርቶ እንዲህ በክፍል ብቻ ከቀጠልኩ ማርኬ ለዲፕሎማ እንደማይበቃ፣ ሥራ እየሠራሁ ብማር ግን እንደምጨርስ ነገራት። አስተርጓሚዋ እኔው ራሴ ነበርኩ። እናቴ ፊቷን አጠቆረች።

«ትምህርት ቤት የላክሁሽ ልትማሪ ነው፤ ሥራማ እኔ እየሠራሁ አይደለም እንዴ? በይው» አለችኝ።

አልኩት። ሚስተር ፍራንክሊን አልተቆጣም። የቀሩት ሁለት ቦታዎች እንደሆኑ ነገረን፤ አንዱ የመስታወት ሱቅ፣ አንዱ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል። የሆቴሉን ስም ሲጠራው እናቴ የምትሠራበት ሆቴል ሆኖ ተገኘ። እሱን መተርጎም አላስፈለገኝም። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «እኔ እዚያ የገባሁት አንቺ እንዳትገቢ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «መስታወቱ ይሁን በይው።»

ከሰዓት በኋላ አንድ አሮጌ ቫን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማል። የሰፈሩ ጥቁር ልጆች፣ ካምቦዲያውያን፣ ሜክሲኳውያን፣ እኔም ከእነሱ ጋር፣ ተጠጋግተን እንሳፈራለን። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች የሚመጡ ልጆችም ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን ቫኑ ውስጥ ገብተው አያውቁም። በዚያ ሰዓት ኬሚስትሪ ይማሩ ነበር። አሁን አልፎ አልፎ ትምህርት ቤቶች እየጠሩኝ ስለ ፕሮግራሙ ንገሪን ይሉኛል፤ ያዳነኝ እሱ ነው እንድል ይፈልጋሉ። እኔ ግን እንደ አመጣጡ ነው የምናገረው። ከእኛ ጋር ይሳፈር የነበረ ሶፋል የሚባል ካምቦዲያዊ ልጅ ምግብ ቤት ሳህን እንዲያጥብ ተላከ። ሳህን ማጠብ ቤቱም ይችል ነበር። አንድም ቀን ቢላ አስጨብጦ ይሄን ሽንኩርት ክተፍ ያለው የለም፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሥራውንም ትምህርቱንም ተወው። የእሱም ፕሮግራም የእኔም ፕሮግራም ስሙ አንድ ነው። ነርስ መሆን አያምርሽም ነበር ወይ ይሉኛል ደግሞ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ግን አንዳንድ ቀን የእነዚያን የሐይቅ ዳር ቤቶች መስኮት ስጠግን፣ ከሰዓት በኋላው ብርሃን ገብቶ መጻሕፍታቸው ላይ ሲያርፍ፣ ኬሚስትሪ ምን ምን ይል እንደነበር አስባለሁ።

ሱቁ ውስጥ የተሰጠሁት ለላርስ ነው። ከኖርዌይ በልጅነቱ የመጣ፣ ፀጉሩም ቅንድቡም የነጣ፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው። ራዲዮኑ ቀኑን ሙሉ አኮርዲዮን ያሰማል፤ እኔ በልቤ ካሴቶቻችንን አንጎራጉራለሁ። «ላርስ በይኝ» ይለኛል፤ «እሺ ሚስተር ላርስ» እለዋለሁ፤ ያን ያህል ሽበት ያለውን ሰው በባዶ ስሙ ለመጥራት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሰማያዊ ቱታ ተሰጠኝ፣ አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማም ተሰጠኝ፤ በእግሬ ልክ የተሠራ ስላልነበረ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ ነው የምሞላው። በመጀመሪያው ቀን መስታወቶቹ ቆመው የተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ወሰደኝና «ሁለት ነገር ስሚኝ» አለ። «ሰው በእጁ የያዘውን መስታወት እንዳትነኪ። መስታወት ከወደቀ ደግሞ ይውደቅ፤ ልያዘው ብለሽ እጅሽን እንዳትልኪ።» እሺ አልኩት። ከዚያ አንድ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ፣ መቁረጫዋን ላምባ ውስጥ ነከር አድርጎ በማስመሪያው ጎን ሳባት። አቡጀዲ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። «ድምፁ ይሄ ካልሆነ አልተቆረጠም» አለኝና መቁረጫዋን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በመጀመሪያው ቀን ነው ይሄ። ሶፋል ያላገኘው እሱን ነው።

የላርስን ትእዛዝ ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄን ግን ያሳደገችው እናቴ ናት። እኛ ቤት ሽበታም ሰው ዕቃ ተሸክሞ እያየ እጁን አንጠልጥሎ የሚያልፍ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ነው። ላርስ ባልዲ ሲያነሳ ተነስቼ እቀበለዋለሁ። መሰላል ሲይዝ እቀበለዋለሁ። የዕቃ ሳጥኑን ገና ጎንበስ ሲል እኔ አንስቼዋለሁ። ሲገባ እነሳለሁ፤ ሳንድዊቹን ሳይጀምር የእኔን አልፈታም። ሥራዬን የማሳይ፣ ጨዋነቴን የማስመሰክር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀን በቀን ፊቱ እየጠቆረ፣ ንግግሩም እየቀነሰ መጣ። ራዲዮኑን ድምፁን ይጨምረዋል። እኔም ምን አጠፋሁ እያልኩ የባሰ እፋጠናለሁ። ለካ የሱቁ ባለቤት ዳግ፣ ላርስን የቀጠረው ሰውዬ ልጅ፣ በቃ ጡረታ ውጣ እያለ ይወተውተው ነበር። ካረጁ አይበጁ ነው ነገሩ። ላርስ ታዲያ ከየት እንደመጣች የማያውቃት ልጅ ዕቃ ባነሳ ቁጥር ከእጁ ስትወስድበት፣ «ዳግ ያስመጣት እኔን ልታስወጣ ነው» ብሎ ደመደመ። ይሄን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ላርስ አንድ መስታወት ከመደርደሪያው አውጥቶ፣ ጎኑ ላይ አቁሞ ይዞ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ይሄዳል። መሃል ላይ አንዲት ደረጃ አለች። እግሩን ሲያነሳ ጉልበቱ ከዳው። ትንሽ ነው፣ ሰው የማያየው ዓይነት፤ እኔ ግን አየሁ። ሳላስብ ተወርውሬ የመስታወቱን ጠርዝ ያዝኩ። ላርስ መምጣቴን አላየም፤ መስታወቱ ሲሳብበት ደንግጦ ወደ ራሱ ሳበው፣ መሃላችንም ተሰበረ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ የእሱ መዳፍ ግን ተቆርጦ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርድ ጀመር። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን በጨርቅ ጠቀለለና ዳግ እየሮጠ ሲመጣ፣ እኔን ሳያየኝ፣ «ወይ እሷ ወይ እኔ» አለው። ከዚያ ራዲዮኑን አጠፋው።

በማግስቱ ሚስተር ፍራንክሊን ኮሪደር ላይ አቆመኝ። ሱቁ እንደማይፈልገኝ፣ ያቺ የሆቴል ቦታ ግን አሁንም ክፍት መሆኗን ነገረኝ። በእሱም አልፈርድም፤ ያለው እሷ ብቻ ነበረች። ማታ ለእናቴ ስነግራት «ዋይ አነ!» ብላ ራሷን ያዘች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እያሰበች ኖሯል። «ሰውዬው በምን ተቀየመሽ?» አለችኝ። «ዕቃ ተቀበልኩት» አልኳት። «እና?» «ተቆጣ።» እናቴ ይሄ ሊገባት አልቻለም። ዕቃ ስለተቀበሉት የሚቀየም ሽማግሌ አይታ አታውቅም። ግን ሰው ከተቀየመ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና አቶ ገብሬን ጠርታ መጣች።

አቶ ገብሬ ሰፈራችን ውስጥ ታክሲ የሚነዱ፣ አገር ቤት ሳሉ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ለሽምግልና ብቻ የሚለብሷት አንዲት ግራጫ ሱፍ ነበረቻቸው፤ ባልና ሚስትም የታረቁት፣ ሁለት የታክሲ ሾፌሮችም የታረቁት በእሷ ሱፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ከፊት፣ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ከኋላቸው፣ እኔ ከሁሉም ኋላ ሆነን ጃክሰን ወረድን። ዳግ ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ፤ ልንከሰው የመጣን መስሎታል። ቶሎ ብሎ ወንበር አቀረበ። አቶ ገብሬ በፍርድ ቤት እንግሊዝኛቸው «እናመሰግናለን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ ግን አንቀመጥም» አሉት። ዳግ የባሰ ደነገጠ። ላርስ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ከመደርደሪያው ጎን ቆሞ ነበር። ባለጉዳዩ እሱ መሆኑን አቶ ገብሬ ወዲያው ለዩ፤ ዳግን ትተው ወደ እሱ ዞሩ።

«ጥፋተኛ ይዘን ነው የመጣነው» አሉት።

ላርስ እኔን አየ። እናቴ ግን ወደፊት ራመድ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አይደለችም፣ እኔ ነኝ፤ ይንገሩልኝ አቶ ገብሬ» አለች። «ሽበት ያለው ሰው ዕቃ ይዞ ካየሽ ተቀበዪ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከጡት ጋር ነው ያጠጣኋት። መስታወት ሌላ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ባውቅ እነግራት ነበር። እጅዎን ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ ይበሉት።»

አቶ ገብሬ ቃል ሳይጥሉ ተረጎሙ። ላርስ ፋሻውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ደካማ መስያት አይደለም ማለት ነው?» አለ።

«ደካማ ቢመስሏትማ ታዝንልዎት ነበር» አሉት አቶ ገብሬ። «ይሄ ማዘን አይደለም። እኛ አገር ሰው ሲከበር እጁ ባዶ ይሆናል።»

«ሲገባ የምትነሳውም?»

«እሱም።»

«ሳንድዊቹም?»

አቶ ገብሬ ስለ ሳንድዊቹ አያውቁም ነበርና እኔን ዞረው አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ላርስ «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። «የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቅሁም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። ያኔ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ ያመመው መሰለኝ። ለዳግ «ከእኔ ጋር ትቆያለች» አለው። ዳግ «ላርስ፣ ትሂድ ያልከው አንተ ነህ እኮ» ቢለው፣ «አሁን ደግሞ ትቆይ እላለሁ። እኔም እቆያለሁ፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ የትም አልሄድም» አለ። አቶ ገብሬ ያኔ ተቀመጡ። እናቴ የላርስን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ብትል፣ ምን ልታደርገው እንደሆነ ስላላወቀ ወደኋላ ሲሸሽ ከመደርደሪያው ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ።

ሰኞ ዕለት ላርስ በሁለቱ ሕጎች ላይ ሦስተኛ ጨመረልኝ። «ከእጄ አትውሰጂ። ሌላውን ጫፍ ያዢ፤ ግን መጀመሪያ እንነጋገር» አለኝ። መስታወት በሁለት ሰው ሲያዝ አንዱ ወደፊት ይሄዳል፣ አንዱ ወደኋላ ይረግጣል፤ ወደኋላ የሚረግጠው ስለማያይ የሚያየው ይናገርለታል። ደረጃ፣ በር፣ ቀስ። ትልልቆቹን መስታወቶች የምንይዘው እንደ ዋግምት በሚጣበቅ የጎማ እጀታ ነው። ከመነሳቱ በፊት አንዱ «ጋት ኢት?»፣ ይዘኸዋል ወይ፣ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «ጋት ኢት» ይላል። ይሄ ሳይባል ማንም አያነሳም፣ ይሄ ሳይባል ማንም አይለቅም። እንግሊዝኛዬ የተፈታው በዚያች ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ክፍል ውስጥ አንገቴን የምደፋ ልጅ በጃክሰን ጎዳና መሃል፣ በዝናብ፣ መስታወት ይዤ እጮህ ነበር። የሰፈራችንን የሴንትራል ዲስትሪክትን አሮጌ ቤቶች ስንት መስኮት እንደገጠምን ቆጥሬ አላውቅም። ስቱኮውን በአውራ ጣት ተጭኖ በቢላ ጫፍ በማለስለስ ላርስ እንደሚለው ከእሱ እኔ እበልጥ ነበር፤ ሊጥ የሚያውቅ እጅ ስላለኝ ይሆናል። ዲፕሎማዬን ስቀበል ላርስ ከእናቴና ከአቶ ገብሬ ጎን ተቀምጦ ነበር። እናቴ «ነርስ ብትሆን ደግሞ» አለችው በአማርኛ፤ ምን እንዳለችው ሳይገባው አዎ አዎ አላት።

እንዳለውም ቆየ። ዳግ በቋሚነት ቀጥሮኝ፣ ብቻዬን መኪና ይዤ ሥራ መውጣት እስክጀምር ድረስ አልወጣም። ያ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ አንድም ቀን ዕቃ ከእጁ ወስጄበት አላውቅም፤ ጫፉን ነበር የምይዝለት። የመጨረሻው ቀን መጣ። ኬክ ተቆረጠ፣ ዳግ አንድ ነገር ተናገረ። ላርስ ቱታውን አጣጥፎ የስቱኮ ባልዲውን አነሳና ወደ ውጭ መንገድ ጀመረ። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ አየዋለሁ። ያቺ ደረጃ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ሰናይት» አለኝ፤ «ይሄን ያዢልኝ።» ሄጄ እጀታውን ያዝኩ። «ጋት ኢት?» አለ። «ጋት ኢት» አልኩ። ለቀቀው። ከዚያ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ባዶ እጁን፣ ከፊት ከፊቴ ሄደ። እኔ ባልዲውን ይዤ እያለቀስኩ ተከተልኩት። መኪናው ጋ ስንደርስ ልሰጠው ብል አልተቀበለኝም፤ አንቺ ጋ ይቆይ አለ። ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ኤደን ትናንት የወሰደችብኝ ባልዲ እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት የኤደን ትምህርት ቤት አስተባባሪ ኮል አደረገችልኝ። ኤደን ሌላ ቦታ እንዲቀይሩላት ጠይቃለች፤ እኔ የጠላኋት መስሏታል። «ሌላ ቦታ የት አለ?» አልኳት። ለጊዜው ያለው ኤርፖርት፣ ጽዳት ክፍል ነው አለችኝ። እናቷ ጋ ማለት ነው። ጽዳት ነውር ሆኖ አይደለም፤ እኔ የበላሁት ከዚያ ነው። ግን የኤደን እናት በዚያ ቀን «አደራሽን» ስትለኝ እጇን አይቼው ነበር፤ የሳሙና ውሃ የላጠው እጅ ነው፤ የእናቴን እጅ አውቀዋለሁ። «ዛሬን ብቻ ላኪልኝ» አልኳት።

ባቡሩ ካለፈ ትንሽ ቆይታ ኤደን ገባች። «ደህና ዋሉ» አለችና እጆቿን ጃኬት ኪሷ ውስጥ ከትታ መደርደሪያው ጎን ቆመች። ምንም እንዳትነካ ወስናለች። ሻይ ልስጣት ወይስ ይቅርታ ልበላት ብዬ አሰብኩ፤ ስለ ላርስ ላወራላት ፈለግሁ፤ ግን ረጅም ነው፣ ልጅቷም ያን ያህል ጊዜ አትሰጠኝም። ወደ ጓዳ ገብቼ ባልዲውን አነሳሁ። ከበደኝ። እውነቱን ለመናገር ከብዶኝ ከሰነበተ ቆይቷል። በሩ ጋ ስደርስ ጉልበቴ ቋ አለ፤ ኤደንም ሰማች፣ ትከሻዋ ወደ እኔ ሊመጣ አለና ራሷን ገታች። ከኪሷ እጇን አላወጣችም።

ቆምኩ።

«ኤደን፣ ነይ፤ ይሄን ያዢልኝ።»

መጣች። ጣቶቿን ከጣቶቼ ጎን እጀታው ላይ አሳለፈች፤ ፊቴን እያየች፣ ፈርታ።

«ይዘሻል?» አልኳት።

«አይ ጋት ኢት» አለች።

ጣቶቼ ወዲያው አልታዘዙኝም። ከዚያ ለቀቅሁ።